ሠሪው ማን ነው? ለሙዚየም ጉብኝት ለሚነሡ የቢጠና ልጆች



ነገሬን ከሩቅ አገር እጀምራለሁ። በጣሊያን፣ በሜዲትራኒያን ባሕር ዳር፣ ኔፕልስ የምትባል ትልቅ ከተማ አለች። ከአጠገቧ ቬሱቪየስ የሚባል እሳተ ገሞራ ቆሟል። ይህ ተራራ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ79 ፈንድቶ ፖምፔና ሄርኩላኔዩም የተባሉትን ከተሞች በአመድና በእሳት ጭቃ ቀበራቸው። ብዙ መቶ ዓመታት ካለፉ በኋላ ተቆፍሮ የወጣው ዕቃ ዛሬ በኔፕልስ ብሔራዊ የአርኪዮሎጂ ሙዚየም ተቀምጧል። ሙዚየሙ በእብነ በረድ ሐውልቶች የተሞላ ነው። ከእነዚያ ሁሉ አማልክትና ጀግኖች መካከል ግን ከሄርኩላኔዩም የወጣ አንድ የከሰለ ዳቦ አለ። ክብ ነው፣ ጠቁሯል፣ ቅርጹ ግን አልጠፋም። በላዩ ላይ ከመጋገሩ በፊት የተመታ ማኅተም ይነበባል፤ የኲንቱስ ግራኒዩስ ቬሩስ ባሪያ የሆነው የኬለር ነው ይላል።

አስቡት። ባሪያ ነበር። በዘመኑ ከሰው አይቆጠርም ነበር። ዛሬ ግን ከ1900 ዓመት በኋላ፣ ኔፕልስን ረግጠን የማናውቅ ሰዎች እዚህ ወላይታ፣ ቢጠና ላይ ተቀምጠን ስሙን እንጠራለን። ስሙ ከዳቦው ጋር ስለተቀመጠ ነው።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህንኑ ነው። አዲስ አበባ ስትደርሱ ሙዚየም ትገባላችሁ፤ በእያንዳንዱ ዕቃ ፊት ስትቆሙ ግን ይህን የሠራው ማን ነው ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን የምታገኙበትም የማታገኙበትም ቦታ አለ። ሁለቱም ያስተምራችኋል። ከዚያ ተመልሳችሁ እዚህ እኛው ዘንድ ምን እንደምንሠራ እንነጋገራለን። ዓመቶቹን በአብዛኛው በእኛው አቆጣጠር እጠራቸዋለሁ።

መንገዱ ራሱ ሙዚየም ስለሆነ ከመንገዱ ልነሣ። አስተባባሪዎቹን የምለምነው የሻሸመኔውን መንገድ ትተው በሶዶ፣ በአረካ፣ በሆሳዕናና በቡታጅራ የሚወጣውን እንዲመርጡ ነው። በዚህ መንገድ ቡታጅራን አልፋችሁ ስትሄዱ ጥያ ትደርሳላችሁ። እዚያ 36 ትክል ድንጋዮች ቆመዋል፤ 32ቱ ቅርጽ አለባቸው፤ ከቅርጾቹ ዋነኛው ሰይፍ ነው። ከሥራቸው መቃብር አለ። ዩኔስኮ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። ድንጋዩን ፈልፍሎ ያቆመው ሕዝብ ማን እንደሆነ ግን ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ተስማምተው አልነገሩንም። ከዚያ ብዙም ሳትርቁ አዋሽ ወንዝ ዳር መልካ ቁንጡሬን ታገኛላችሁ። በ1950ዎቹ ዓመታት ጌሪት ዴከር የተባለ የሆላንድ ተወላጅ የውኃ ባለሙያ በወንዙ ዳርቻ የድንጋይ መሣሪያ አይቶ ነው ቦታው ለጥናት የተከፈተው። አሁን በጎጆ ቅርጽ የተሠራ ትንሽ ሙዚየም አለው። ሰው እዚያ አካባቢ ከ1 ሚሊዮን ዓመት በላይ ባልጩት እየሰበረ ስለት አውጥቷል። ቦታው በአጠገቡ ካለው ከባልጪት ጋር ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። አውቶቡሱ እዚያ ግማሽ ሰዓት እንኳ ቢቆም አይቆጫችሁም።

ባልጩትን ካነሣሁ ወደ ዳሞታ መመለስ አለብኝ። ከልጅነታችን ጀምሮ የምናየው የዳሞታ ተራራ በምዕራብ በኩል ባለው ወገቡ ላይ ሞቸና ቦራጎ የሚባል ትልቅ የዋሻ ጥላ አለ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ቆፈሩት፤ በዚያው አሥር ዓመት ማብቂያ ላይ ደግሞ ስቲቨን ብራንት የተባሉ የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ምሁር ከባልደረቦቻቸው ጋር ሥራውን ቀጠሉ። ያገኙት ከ50 ሺህ ዓመት የማያንስ ዕድሜ ያለው የሰው ኑሮ ነው። ከእሳተ ገሞራ አመድና ከአፈር ንብርብር መካከል የወጣው የባልጩት ስለት ብዛት እጅግ የሚያስደንቅ ነው። የዓለም የአየር ጠባይ ደጋግሞ በተለዋወጠበት በዚያ ዘመን ሰዎች ዳሞታን መጠጊያ አድርገው ሳይኖሩ አይቀሩም። ዘመናዊው ሰው ከአፍሪካ ወጥቶ ዓለምን የሞላበት ታሪክ ሲጻፍ የሞቸና ቦራጎ ስም የሚነሣው ለዚህ ነው። ቬሱቪየስ የኔፕልስን ጎረቤቶች እንደቀበረ፣ የእኛም ምድር እሳተ ገሞራ የእኛን የጥንት ሰዎች አሻራ ሸፍኖ አቆይቷል።

ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ እንዲህ ያለ ቅርስ ለጥናትና ለጥበቃ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ስለዚህ አምስት ኪሎ ወደሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ስትገቡ እንደ እንግዳ አትግቡ። የዳሞታ ልጆች ናችሁ።

በብሔራዊ ሙዚየም ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ድንቅነሽ ነው፤ እናንተም ትሮጣላችሁ፣ አልከለክላችሁም። በኅዳር 1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ ተገኘች፤ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው፤ ከአጥንቷ 40 በመቶ ያህሉ ተገኝቷል። ቁመቷ ከአንድ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ከእናንተ መካከል የአምስት ዓመት ታናሽ ያለው ሰው እሱን ያስታውስ። በመስታወቱ ውስጥ የምታዩት በጥንቃቄ የተሠራ ቅጂ ነው፤ እውነተኛው አጥንት ለብቻው ተቆልፎ ይጠበቃል። ይህን ሲሰሙ ቅር የሚላቸው አሉ። እኔ ግን ደስ ይለኛል፤ አገር ዕቃዋን እንዲህ መጠበቅ አለባት። ከድንቅነሽ አጠገብ ስለ ሰላምም አንብቡ። ዲኪካ ላይ የዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን በ1993 ዓ.ም. ያገኛት የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን ናት፤ ዕድሜዋ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ነው፤ ከድንቅነሽም ትቀድማለች። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዘረሰናይ በአሸዋ ድንጋይ ውስጥ የተጣበቀውን የሕፃኗን አጥንት በጥርስ ሐኪም መሣሪያ እየፈለቀቁ ዓመታት ፈጅተዋል። ሳይንስ ለመማር የምታስቡ ልጆች ይህን ትዕግሥት ልብ በሉ። ፎቅ ላይ የአፈወርቅ ተክሌን ሥዕሎች ታያላችሁ፤ እዚያ የሠሪው ስም ሥዕሉ ላይ አለ። የዐፄ ኃይለ ሥላሴን ትልቅ የእንጨት ዙፋንም ታያላችሁ፤ የተቀመጠበትን ሁሉም ሰው ያውቃል፣ የጠረበውን አናጢ ግን የሚያነሣው ጥቂት ነው።

አዲስ አበባ ሌሎችም ብዙ ሙዚየሞች አሏት፤ ሁሉንም በአንድ ጉዞ እናያለን ብላችሁ አትድከሙ። ፒያሳ ላይ በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሰፊ ነው፤ ለእሱ ብቻ ግማሽ ቀን ያስፈልጋል። በ2012 ዓ.ም. መስከረም ላይ የተከፈተው አንድነት ፓርክ የምኒልክን ግቢ ያሳያል። በ2015 ዓ.ም. የተከፈተው የሳይንስ ሙዚየም ከእናንተ መካከል ኮምፒውተር ለሚወዱት ይሆናል። መካኒሳ ያለው ዞማ ሙዚየም ደግሞ ከጭቃና ከጭድ የተሠራ ነው፤ ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ ሲገነቡት አባቶቻችን ቤት የሚሠሩበትን ዘዴ ነው የተጠቀሙት። ዋና ፖስታ ቤት አጠገብ የቴምብር ሙዚየም አለ፤ ጸጥ ያለ ነው፤ ብዙ ሰው አይገባበትም። እነዚህን እንደ ጊዜያችሁ አድርጓቸው። ሁለቱን ግን እንዳታልፏቸው አደራ እላለሁ።

አንደኛው ስድስት ኪሎ ነው፤ ከብሔራዊ ሙዚየም በእግር ይደረሳል። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ይባል የነበረው፣ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ መኖሪያ የነበረው ቤት ነው። በታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ጊዜ ብዙ ሹማምንት የተረሸኑት በዚህ ቤት አረንጓዴ ሳሎን ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ቤቱን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። በ1950ዎቹ አጋማሽ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሲመሠረት ሪቻርድ ፓንክረስት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ፤ ሙዚየሙን ያደራጁት ደግሞ ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ናቸው።

ከመግባታችሁ በፊት ደጁ ላይ አንድ ነገር ታያላችሁ። ወደ ሰማይ የሚጠመዘዝ፣ የትም የማያደርስ ደረጃ አለ። ያሠሩት ጣሊያኖች ናቸው፤ እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ላለፈው ለእያንዳንዱ ዓመት የቆመ ነው። ከነጻነት በኋላ ከላዩ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። ጣሊያኖች እዚህ ደረጃ ሲሠሩ ከአክሱም ደግሞ ሐውልት ይወስዱ ነበር። 24 ሜትር የሚረዝመውን ያን ድንጋይ በቁርጥራጭ በ1929 ዓ.ም. በመርከብ ወደ ኔፕልስ አወረዱት፤ ከዚያ ሮም ላይ አቆሙት። በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. በአውሮፕላን ተመለሰ፤ በነሐሴ 2000 ዓ.ም. አክሱም ላይ ተመረቀ። እኔ ያን ጊዜ በሬዲዮ ሰምቼ ያለቀስኩ ሰው ነኝ። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ከመቅደላ የጫኑት ብራናና ንዋየ ቅድሳት ግን አብዛኛው ዛሬም ለንደን ነው። እነዚያ ብራናዎች አንድ የሚያኮራ ነገር አላቸው። ብዙዎቹ መጨረሻቸው ላይ የጻፋቸውን፣ ያጻፋቸውንና የተሰጡበትን ቤተ ክርስቲያን ይናገራሉ፤ ለጸሐፊው እንድንጸልይለት ይለምናሉ። ስለዚህም ለንደን ቢቀመጡም የማን እንደሆኑ ማንም አይክድም። ስም የተጻፈበት ዕቃ ቤቱን ያውቃል።

አሁን ግቡ። በስድስት ኪሎው ሙዚየም በጣም የወደድኩት አደራደሩን ነው። በዘመነ መንግሥት ወይም በክልል አልተከፋፈለም፤ የሰው ልጅ ከተወለደ እስከሚቀበር በሚያልፍበት መንገድ ነው የተደረደረው። መጀመሪያ ልጅነት አለ፤ የሕፃን ማዘያ፣ መጫወቻ፣ ተረት። ቀጥሎ ጉልምስና፤ አደን፣ እርሻ፣ ጋብቻ፣ ጦርነት፣ የቤት ዕቃ። መጨረሻ ላይ ሞትና ከሞት በኋላ ያለው። የአፋሩ፣ የኮንሶው፣ የአማራው፣ የወላይታው፣ የሲዳማው ዕቃ እዚያ ጎን ለጎን ነው። የራሳችሁን የምታውቁት ጎረቤቱን ስታዩ ነው። ከላይ ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤት አለ፤ ሰው እሱን ለማየት ይጣደፋል። የንጉሡን አልጋ አይታችሁ ስትወርዱ ግን ከተራ ገበሬ ጎጆ የመጣው እንስራ ፊት ቁሙ።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። እንስራው በመስታወት ውስጥ ነው። መብራት በርቶለታል፤ ዘበኛ ይጠብቀዋል፤ መንካት ክልክል ነው። ከሥሩ መግለጫ አለ፤ ሸክላ ይላል፣ ለውኃ መቅጃ ይላል፣ የመጣበትን አካባቢ ይላል። ያቺ ሴት ግን የለችም።

የትኛዋ ሴት እንደሆነች እናንተ ታውቃላችሁ። በየገበያችን ጥግ ላይ ድስቷን፣ ጀበናዋንና ምጣዷን ዘርግታ የምትቀመጠውን ታውቋታላችሁ። አፈሩን ከሩቅ በጀርባዋ ታመጣለች፤ ጠጠሩን ትለቅማለች፤ ወቅጣ፣ ነፍታ፣ በውኃ ለውሳ በእግሯ ትረግጠዋለች። የሸክላ መንኮራኩር የላትም። ራሷ በሸክላው ዙሪያ እየዞረች በጣቷ ታወጣዋለች፤ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች እኩል መሳሳቱን የምትለካው በእጇ መዳፍ ነው። በለሰለሰ ጠጠር ታሸዋለች። በጥላ ታደርቀዋለች፤ ፀሐይ ከመታው ይሰነጠቃል። ከዚያ በእንጨት፣ በሣርና በኩበት ሸፍና ትተኩሰዋለች። በዚያች ሰዓት ነፋስ ቢነሣ የሳምንት ሥራዋ ይሰነጠቃል። የትኛው አፈር ከየትኛው ጋር ሲደባለቅ እሳት እንደሚችል የምታውቀው ከእናቷ ነው፤ እናቷም ከእናቷ። ይህ ሁሉ ዕውቀት ነው፤ በዩኒቨርሲቲ ቢሰጥ የአራት ዓመት ትምህርት የሚሆን ዕውቀት።

እኛ ግን ምን አደረግናት? እውነቱን እንነጋገር፤ አባቶቼ ፊት ነው የምናገረው። በወላይታም በጎረቤቶቻችንም ሸክላ ሠሪው፣ ቆዳ ፋቂውና ብረት ቀጥቃጩ ለዘመናት ተንቀው ኖረዋል። ከእነሱ ጋር መጋባት ነውር ነበር፤ አብሮ መብላት ነውር ነበር፤ መሬት እንዳይኖራቸው ተደርጎ ነበር። ዛሬ ሕጉ ተለውጧል፤ ብዙ ነገር ተሻሽሏል። ግን ሙሉ በሙሉ ቀርቷል የሚል ሰው ካለ ገበያ ወጥቶ ሰው ሸክላ ሠሪዋን እንዴት እንደሚያናግራት ይስማ። ድስቷን ይገዛታል፤ ወጡን ይበላበታል፤ እሷን ግን ከጓዳው አያስገባትም። አዲስ አበባ ላይ እንስራዋ ቤተ መንግሥት ገብቷል። እሷ ገና ከደጅ ናት። ልጆቼ፣ ይህን ዕቃ በመስታወት ውስጥ ስታዩ እንድታፍሩ እፈልጋለሁ፤ ካፈራችሁ በኋላ ደግሞ እንድትነሡ።

የቆዳ ፋቂዎችም ነገር እንዲሁ ነው። በደቡባችን፣ በኮንሶና በጋሞ አካባቢ፣ ቆዳ በድንጋይ ስለት የሚፍቁ ሙያተኞች እስከ እኛ ዘመን ድረስ ኖረዋል። የዓለም አርኪዮሎጂስቶች ውቅያኖስ አቋርጠው መጥተው እግራቸው ሥር ተቀምጠው ተምረዋል፤ የጥንቱ ሰው ስለቱን እንዴት ይስል፣ እንዴት ይይዝ እንደነበር ለማወቅ ከእነሱ የተሻለ መምህር ስላላገኙ ነው። ከሞቸና ቦራጎ የወጣው ባልጩት ምን እንደሆነ በተሻለ የሚያስረዳን እኛ የናቅነው ሰው ሆኖ ተገኘ።

ሁለተኛው እንዳታልፉት የምለው ሙዚየም መስቀል አደባባይ ጫፍ ላይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ነው። በ2002 ዓ.ም. ተከፈተ። ደጁ ላይ ሦስት ሴቶች ተያይዘው የቆሙበት ሐውልት አለ። ውስጡ ለሕፃን አይሆንም፤ ከአሥረኛ ክፍል በታች ያላችሁ ከመምህራን ጋር ብቻ ግቡ። ከ1969 እስከ 1970 ዓ.ም. በነበረው ጊዜ የተገደሉ ወጣቶች ፎቶግራፍ ግድግዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞልቶታል። አብዛኛው በእናንተ ዕድሜ ነው፤ አፍሮ ጸጉር፣ ሰፊ ኮሌታ፣ ለመታወቂያ የተነሡት ትንሽ ፎቶ። በመስታወት ሳጥን ውስጥ ከጅምላ መቃብር የወጣ አጥንትና ልብስ አለ። ያን ዘመን በእስር ያሳለፉ ሰዎች ጎብኚ ሲያስጎበኙ ኖረዋል፤ ዕድል ገጥሟችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካገኛችሁ ሲናገር አታቋርጡት። ገዳዮቹ የፈለጉት እነዚያ ልጆች ያለ ስም እንዲቀሩ ነበር። ቤተሰቦቻቸው ግን ፎቷቸውን ከትራስ ሥር፣ ከሣጥን ሥር ደብቀው አቆዩት። ያ ሙዚየም የተሠራው በእናቶች ሣጥን ውስጥ ከተደበቀው ነው። ልጅ የሞተባት እናት ያን ፎቶ ባትደብቀው ኖሮ ግድግዳው ባዶ ይሆን ነበር።

ወደ ራሳችን እንምጣ። ሶዶ ዛሬ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ የዘመን መለወጫችንን ጊፋታን በመስከረም ከመላው አገር ሰው እየመጣ ያከብረዋል። በጎ ነው። የእኛ ትዝታ ግን አብዛኛው በሰው አፍ ነው ያለው። በ1887 ዓ.ም. የዐፄ ምኒልክ ጦር ወላይታ ሲገባ የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦና ጋጋ ብርቱ ጦርነት ገጥመው፣ ቆስለው ተማረኩ፤ ወደ አዲስ አበባም ተወሰዱ። ከምኒልክ ጋር የዘመተው ፈረንሳዊው ነጋዴ ቫንደርሄይም ያየውን ሁሉ፣ የሞተውን ሰው ብዛትና የተማረከውን ከብት ጭምር፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ፓሪስ ላይ በመጽሐፍ አወጣው። የወላይታ ሰው ያየው ግን ከአባት ለልጅ በሚነገር ወሬ ነው የደረሰን። ከካዎ ጦና ጋር የተሰለፈው ሰው፣ ለዚያ ሠራዊት ጦር የቀጠቀጠው፣ ስንቅ ያዘጋጀችው ሴት ስማቸውን የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ በየቀበሌው ይኖራል። ዛሬ ይኖራል።

ይህን ለመያዝ ሕንፃ አያስፈልገንም። ሐረር ከተማ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ የሚባሉ ሰው አሉ። የጥንት የቁርዓን ጽሑፎችን፣ ሳንቲሞችን፣ ልብሶችን፣ የሐረር ዘፈን ያለባቸውን ካሴቶች ከከተማው ሰው እየለመኑ፣ እየገዙ፣ በገዛ ቤታቸው ሰበሰቡ። የተበጠሰውን መጽሐፍ እንዴት እንደሚጠርዙ ተማሩ። ሰው ዕቃው በእሳቸው እጅ እንደማይጠፋ ሲያይ እየሰጣቸው ሄደ። ኋላ ከተማው ራስ ተፈሪ ቤት የሚባለውን ታሪካዊ ቤት ሰጣቸው፤ ዛሬ ሐረር የሄደ ጎብኚ ሁሉ የሚገባበት ሙዚየም ሆኗል። የጀመረው ግን አንድ ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ ነው።

እኛስ ምን አለን? እያንዳንዱ ቤት ውስጥ አለ። የቆጮ መፋቂያ ቀርከሃ፣ ወተት የሚናጥበት ቅል፣ አያቶቻችን የተሸለሙት ጦርና ጋሻ፣ በቀይ፣ በቢጫና በጥቁር የተሸመነው ዱንጉዛ፣ የሚነፋው ዲንካ። ፕላስቲክ ጀሪካን ሲገባ እንስራው ተሰብሮ ተጣለ፤ ብረት ድስት ሲገባ የሸክላው ድስት የዶሮ ውኃ መጠጫ ሆነ። አልፈርድም፤ ጀሪካን ለውኃ ቀጂ ልጅ ጀርባ ይቀላል። ግን ከመጣሉ በፊት አንዱ ይቀመጥ።

ደግሞ በመስታወት ውስጥ የማይገባም አለን። እናቶቻችን በጓሯቸው ያለውን እንሰት እያንዳንዱን በስሙ ይጠሩታል፤ ይህ ለቆጮ ይሻላል፣ ይህ ለቡላ፣ ይህኛው አሚቾው ይጣፍጣል፣ ያኛው ለተሰበረ አጥንት ይሰጣል ይላሉ። የአረካ ግብርና ምርምር ማዕከል ከደቡብ አካባቢዎች የሰበሰባቸውን በመቶዎች የሚቆጠሩ የእንሰት ዓይነቶች ተክሎ ይጠብቃል። ሳይንቲስቶቹ ተክሉን ሊያቆዩልን ይችላሉ። ስሙን፣ የሚሆንለትን ምግብና የሚያድነውን ሕመም የምታውቀው ግን እናታችሁ ናት። እሷን ሳትጠይቁ አረካን ብትጎበኙ ግማሹን ነው የምታዩት።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህ ነው። ከአዲስ አበባ ስትመለሱ እያንዳንዳችሁ ከቤታችሁ አንድ ዕቃ ምረጡ፤ ዕቃውን ወደ ትምህርት ቤት ማምጣት ግዴታ አይደለም፤ ባለቤቱ ቤት ይቀመጥ። እናንተ ካርድ ጻፉለት። የዕቃው ስም በወላይትኛ እንዴት ነው? ማን ሠራው? የሠራው ሰው የማን ልጅ ነው፣ ሙያውን ከማን ተማረ? መቼና በምን ተገዛ? ምን ተሠራበት? ባለቤቱ ፈቃደኛ ከሆኑ በስልካችሁ ድምፃቸውን ቅዱ። የማይፈልጉ ከሆነ አክብሩና ተዉአቸው፤ ቅርስ በግድ አይሰበሰብም። ዕቃውን ነጋዴ ቢጠይቃችሁ እንዳትሸጡለት፤ ከወላጅ ጋር ተነጋገሩ። ካርዶቹን የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት በአንድ መዝገብ ይያዛቸው፤ የታሪክ መምህሩ በዓመት አንድ ጊዜ ይመርምራቸው።

በሚመጣው ጊፋታ ሰሞን እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ዕቃዎቹን ለሦስት ቀን እናሳይ። ያን ቀን በክብር እንግድነት የምትጠራው ከገበያችን ሸክላ ሠሪዎች አንዷ ትሁን። ከፊት ወንበር ትቀመጥ፤ ከሁሉም ቀድማ እሷ ትናገር፤ ሸክላዋን እዚህ መድረክ ላይ በሰው ፊት ትሥራ። ከዚያ ስሟን፣ የእናቷን ስምና መንደሯን እኛው ሥራዋ ሥር እንጽፋለን። ምግቡንም በአንድ ገበታ አብረን እንበላለን። ይህን የምለው የዚህ ቤት አባቶች ፈቃዳቸውን እንዲሰጡበት ነው።

ስለ ጉዞው ወጪና ስለ ማደሪያው አስተባባሪዎቹ ይነግሯችኋል፤ እኔ አልገባበትም። መድረኩን ለእናንተ ልተው። በተለይ ቤታችሁ የቆየ ዕቃ ያላችሁ እናቶች፣ ማን እንደሠራው ከምታስታውሱት ጀምራችሁ ንገሩን። ደብተሬን ይዣለሁ፤ እጽፋለሁ።